ጤነኛ ሰው የቆሽት ካንሰርን በደም ምርመራ ቀድሞ ማወቅ ይችላል?

የሂርማታ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ። ጅማ ነው ያለሁት። አባቴ አምና በቆሽት ካንሰር ሞተ፣ አላህ ይዘንለት። 74 ዓመቱ ነበር። ነገሩ የጀመረው በስኳር ነው። ዕድሜውን ሙሉ ስኳር የማያውቅ ሰው ድንገት "ስኳር አለብህ" ተባለና ኪኒን ጀመረ፣ መክሳቱንም ሁላችንም "ስኳሩ ነው፣ እንጀራም ቀንሷል" እያልን አለፍነው። ከወራት በኋላ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ሰው ሁሉ የወፍ በሽታ ነው አለን። እኛም ቅጠል የሚሰጡ ሰውዬ ዘንድ ወስደን ሁለት ሳምንት ሙሉ አስጠጣነው። አሁን ሳስበው ቆሽቴ ያርራል። (እውነት ለመናገር ቆሽት የሚባል ነገር ሆዴ ውስጥ እንዳለ የማውቀው በዚህ አባባል ብቻ ነበር።) ሲቲ ስካን ሲነሳ ጉበቱ ላይ ደርሷል።

ጥያቄዬ እንዲህ ነው። እኔ 34 ዓመቴ ነው፣ ምንም አያመኝም። አንድ የግል ላቦራቶሪ ገብቼ ስጠይቅ "ሲኤ 19-9 የሚባል አለ፣ ናሙናውን አዲስ አበባ እንልካለን፣ ካንሰሩን ቀድሞ ያሳያል" አሉኝ። ዋጋው የደሞዜን ሩብ ይበላል። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ "በአንድ ጠብታ ደም ሁሉም ካንሰር የሚታወቅበት ምርመራ ወጣ" የሚል ቪዲዮ ልኮልኛል። ልመርመር ወይስ ብሬን ልያዝ?

ቡና አፍሊው፦
እህቴ ፈጣሪ ያጽናሽ። እኔ ብሆን እመረመራለሁ። አንድ ብልቃጥ ደም ነው፣ ምን ይጎዳል? ነጻ ከሆንሽ ተኝተሽ ታድሪያለሽ።

ላብ ቤት ያለሁ፦
ቡና አፍሊው፣ የሚጎዳውማ ይጎዳል። ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፣ የትኛው እንደሆነ ይቅር።

የሂርማታ ልጅ፣ "ቀድሞ ያሳያል" ያለሽ ሰው አሳስቶሻል። ሲኤ 19-9 በ1979 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ ውስጥ የተገኘ የቆየ ምርመራ ነው። ደም ውስጥ የሚለካው ከስኳር ሰንሰለት የተሠራ ምልክት ነው፣ የካንሰር ሴሎች በብዛት ይለቁታል፣ ጤነኛ ሴሎችም ትንሽ ትንሽ ይለቃሉ። እስከ 37 ድረስ ደህና ነው ይባላል። ዋና ሥራው በሽታው የታወቀበት ሰው ሕክምናው እየሠራለት መሆን አለመሆኑን መከታተል ነው። ጤነኛ ሰው ላይ ሲሆን ግን ያለ ጥፋቱ ይከሰዋል። የሐሞት ጠጠር ቱቦውን ሲዘጋው ቁጥሩ ይወጣል፣ ጉበት ሲታመም ይወጣል፣ ቆሽት ሲቆጣም እንዲሁ። ኮሪያ ውስጥ ምንም የማያማቸው ከ70 ሺህ በላይ ሰዎች ተመርምረው ነበር፣ ውጤቱ በ2004 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከ1 ሺህ በላይ ሰው ከ37 በላይ ወጣበት። ከነሱ ውስጥ የቆሽት ካንሰር የነበረባቸው ስንት ይመስልሻል? አራት! ጥቂቶቹ ሌላ ካንሰር ተገኘባቸው፣ የቀረው ሕዝብ በከንቱ ነው የተሳቀቀው።

የኔ አክስት ከነዚያ አንዷ ልትሆን ትችል ነበር። ቁጥሩ ከፍ ብሎ መጣ፣ አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር በብድር ብር ሄዳ፣ ሳምንት ሙሉ ዘመድ ቤት እያለቀሰች ከርማ፣ መጨረሻ ላይ የሐሞት ጠጠር ሆኖ ተገኘ። ከወጣላት በኋላ ቁጥሩ ወረደ።

"ነጻ ነሽ" ቢልሽም አትመኚው። ሌዊስ የሚባል የደም ዓይነት አለ፣ ኤ፣ ቢ፣ ኦ ከምንለው የተለየ ነው። እሱ የሌላቸው ሰዎች ይህን ምልክት ከነጭራሹ አያመርቱም፣ ስለዚህ ካንሰሩ ተንሰራፍቶም ውጤታቸው ደህና ሊመጣ ይችላል። ነጮች ዘንድ ከ100 ሰው ከ5 እስከ 10 ናቸው፣ እኛ አፍሪካውያን ዘንድ ደግሞ ከዚያ ይበዛሉ። ይህን ላቦራቶሪው ነግሮሻል?

ኮሌጅ ሰፈር፦
ስለ ቪዲዮው እኔ ልመልስ። ሙሉ ውሸት አይደለም፣ ግን ተጋኗል። መጀመሪያ ነገር በጠብታ አይደለም፣ ደሙ በቱቦ ነው የሚቀዳው። ካንሰር ሲያድግ የተሰባበረ ዲኤንኤ ወደ ደም ይጥላል። የቆሽት ካንሰር ከ10 ዕጢ በ9ኙ ኬራስ የሚባለው ዘረመል ተበላሽቶ ስለሚገኝ ተመራማሪዎቹ ደም ውስጥ እሱን ይፈልጋሉ። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ዕጢው ገና ትንሽ እያለ፣ ማለትም ቆርጦ ማውጣት በሚቻልበት ሰዓት፣ የሚጥለው ዲኤንኤ ከቁጥር የማይገባ ነው። ሲያድግ ይገኛል፣ ግን ያኔ ምን ያደርጋል? ጋለሪ የሚባለው፣ ብዙ ዓይነት ካንሰር በአንዴ የሚፈልገው፣ አሜሪካ የሚሸጠው የደም ምርመራም ፈተናው ይኸው ነው።

ለዚህ ነው አሁን ምልክቶችን እያጣመሩ የሚሞክሩት። ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በ2017 እ.ኤ.አ. ቲኤችቢኤስ2 የሚባል ፕሮቲን ከሲኤ 19-9 ጋር አጣምሮ ከብቻው የተሻለ ውጤት አሳይቷል። አሜሪካ ኦሪገን ግዛት ያሉ ተመራማሪዎች ደግሞ በ2025 እ.ኤ.አ. ዕጢው የሚለቃቸውን ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች በጥቃቅን ማግኔታዊ ቅንጣቶች የሚለካ ዘዴ አውጥተዋል። ደስ የሚል ሥራ ነው፣ እኔ በግሌ ተስፋ አለኝ። ግን ታማሚ መሆኑ ከታወቀ ሰው ደም ውስጥ ማግኘት ሌላ፣ ከመንገድ ላይ ከተጠራ ጤነኛ መሐል ነጥሎ ማውጣት ሌላ ነው።

የሂርማታ ልጅ፦
እሺ ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። እና አባቴን ምንም ነገር አያድነውም ነበር ማለት ነው? ያ ስኳር ምልክት አልነበረም?

አዌቱ ማዶ፦
ሐኪም ነኝ፣ ስለ አባትሽ ግን ሳላያቸው ምንም ማለት አልችልም። ራስሽን አትውቀሺ፣ ዓይን ቢጫ ሲሆን የወፍ በሽታ ነው ብሎ ቅጠል ፍለጋ የማይሄድ ቤተሰብ ጅማ ውስጥ ስንት ነው?

ስለ ስኳሩ ግን ጥሩ ጠየቅሽ። ቆሽት ነው ኢንሱሊን የሚሠራው፣ ካንሰሩ ሲገባበት ስኳር ቀድሞ ብቅ ሊል ይችላል። ማዮ ክሊኒክ ያሉ ሐኪሞች በ2005 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ከ50 ዓመት በኋላ ስኳር አዲስ ከተገኘባቸው ሰዎች 1 በመቶ ያህሉ በሦስት ዓመት ውስጥ የቆሽት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል። 99ኙ ስኳር ብቻ ነው፣ ስለዚህ ስኳር ያለበት ሁሉ አይደንግጥ። ጆሮዬን የሚያቆመው ስኳሩ ከክሳት ጋር ሲመጣ ነው። አብዛኛው የዚያ ዕድሜ ስኳር ከውፍረት ጋር ነው የሚመጣው፣ ሰውየው ሳይጾም ሳይሮጥ እየከሳ ስኳሩ ከወጣ ግን ቆሽቱን ማየት ያስፈልጋል። የሚታየውም በመርፌ መድኃኒት ተሰጥቶ በሚነሳ ሲቲ ስካን ነው። ተራ አልትራሳውንድ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል፣ ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ስለተደበቀ አየሩ ይጋርደዋል። ሳያም ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት እንደ ሻይ ጠቁሮ ሰገራ ከነጣ፣ ገላ ካሳከከ፣ ያን ቀን ሆስፒታል ነው።

አንቺ ግን በ34 ዓመትሽ በአንድ ወላጅ ብቻ ይህን የደም ምርመራ አያስፈልግሽም። ሌላ የታመመ የሥጋ ዘመድ ካለ ንገሪን፣ ያኔ ነገሩ ይለያል። ሲጋራ ካጨስሽ አቁሚ።

የሂርማታ ልጅ፦
ሌላ የታመመ የለም። ግን ዶክተር፣ ወንድሜ፣ ቪዲዮውን የላከው፣ 51 ዓመቱ ነው። ረመዳን ካለቀ በኋላ ስኳር ተገኘበት። ከስቷል፣ እሱ ግን "ሆዴ ጠፋልኝ" እያለ ደስ ብሎት ነው። ቦርጫም ነበር። አመጋገቡን አልቀየረም፣ ማታ ማታ እንጀራውን እንደ በፊቱ ነው የሚበላው።

አዌቱ ማዶ፦
ስንት ኪሎ? በስንት ጊዜ?

የሂርማታ ልጅ፦
ሚዛን ላይ አልወጣም። ሱሪው ነው የሰፋው።

አዌቱ ማዶ፦
ዕድሉ አሁንም ሌላ ነገር የመሆኑ ነው፣ ይህን አትርሺ። ግን ይህን ሰው ሐኪም ማየት አለበት፣ ያ ለደም ምርመራው ያሰብሽው ብር ለእሱ ሲቲ ስካን ይዋል። የአባትሽን የሲቲ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፣ ለሐኪሙም "አባታችን በዚህ ነው የሞተው" ብላችሁ መጀመሪያ ተናገሩ። ካልተናገራችሁ ኪኒን ጽፎ ሊሸኛችሁ ይችላል።

ላብ ቤት ያለሁ፦
በዚህ እስማማለሁ። ሲኤ 19-9ም የሚጠቅመው እንዲህ ያለው ሰው ላይ ነው፣ እሱም ከሲቲው ጎን፣ ሐኪሙ ካዘዘው።

የሂርማታ ልጅ፦
ደወልኩለት። "አንቺ ደግሞ ሞት ትጠሪያለሽ" ብሎ ተቆጣኝ። ሰኞ ጠዋት ይሄዳል፣ እናቴ እጁን ይዛ ነው የምትወስደው። ቀበቶው ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ መብሳቱን የነገረችኝ እሷ ናት።