ከእንግሊዝኛ ግሦች በኋላ የሚመጡት መስተዋድዶች አስቸግረውኛልና እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። በባሕር ዳር ጎብኚዎችን በጀልባ ወደ ዘጌ ገዳማት የምወስድ አስጎብኚ ስሆን፣ የእንግሊዝኛ ግሦችን ትርጉም ባውቅም ከኋላቸው የሚከተለው መስተዋድድ ዘወትር ያደናቅፈኛል። በአማርኛ «እንግዳውን ጠበቅሁ» ስለምንል ከ«ዌይት» በኋላ «ፎር»ን እዘነጋለሁ፤ በአንጻሩ «ስለ ዋጋው ተወያየን» የማለት ልማዴ፣ መስተዋድድ በማይሻው «ዲስከስ» ላይ «አባውት»ን ያስጨምረኛል። ይህንስ በቃል መያዝ ይቻላል። የባሰብኝ «አራይቭ» (መድረስ) ነው፦ ትናንት ከጀልባው ስንወርድ «አራይቭድ ቱ ዘጌ» ብል አንዲት እንግዳ ፈገግ ብላ አረመችኝ። ለከተማና ለአገር «ኢን»፣ ለሕንፃና ለጣቢያ «አት» እንደሚባል ተረድቻለሁ፤ ዘጌ ግን ባሕረ ገብ መሬት ናትና ለእርሷ የትኛው ይስማማል? በዚያው ላለው ገዳም ለኡራ ኪዳነ ምሕረትስ? ምክንያቱን ጭምር ብታስረዱኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።