ክሬዮን የምክንያት፣ አንቲጎኔ የስሜት ሰው ናት የሚባለው ልክ ነው?

የመድረክ ወዳጅ፦
ሰላም ናችሁ፣ የጥንቱን ግሪካዊ ፀሐፌ ተውኔት የሶፎክለስን አንቲጎኔ አሁን ነው አንብቤ የጨረስኩትና አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። ንጉሱ ክሬዮን የወንድሟን ሬሳ ማንም እንዳይቀብር ይከለክላል፣ አንቲጎኔ ግን ትቀብረዋለች። ስለ ቴአትሩ የሚወራው ብዙው ክሬዮን ህግና ምክንያት ነው፣ እሷ ደግሞ ለወንድሟ ፍቅር ብላ በስሜት የሞተች ናት ይላል። እኔ እኮ ስሜታዊ ሆኖ ያገኘሁት ንጉሱን ነው! እሷ ገና መጀመሪያ ላይ ሬሳውን የቀበረ በድንጋይ ተወግሮ እንደሚሞት ለእህቷ ለኢስሜኔ ነግራታለች፣ አውቃ ነው የገባችበት። እናንተ እንዴት ነው ምታዩት? ሌሎቹ ትራጄዲዎች ላይስ?

የማታ አንባቢ፦
እኔም ካንተ ጋር ነኝ። የክሬዮን ልጅ፣ የአንቲጎኔ እጮኛ ሃይሞን የሚመጣበትን ቦታ ተመልከት፣ በትህትና ነው ሚጀምረው፣ አባቴ ያንተ ነኝ ብሎ፣ ከዛ ህዝቡ በጓዳ ለልጅቷ እያዘነ እንደሆነ ይነግረዋል፣ ጎርፍ ሲመጣ ጎንበስ ያለ ዛፍ ቅርንጫፉ ይተርፋል ድርቅ ያለው ከነስሩ ይነቀላል ይለዋል። ከዚ በላይ ምን ምክንያት አለ? ክሬዮን ግን በዚ እድሜዬ ከልጅ ልማር ነው ወይ ብሎ ደሙ ይፈላል፣ መጨረሻ ላይማ እዚሁ እጮኛዋ አይኑ እያየ ትገደል እስከማለት ይደርሳል። ይሄ ህግ ማስከበር ነው? ንዴት ነው እንጂ! ነቢዩ ቴይሬስያስ ሲያስጠነቅቀውም መጀመሪያ በገንዘብ ተገዝተህ ነው አለው። ሲደነግጥ ሽማግሌዎቹ ሂድና ከነህይወቷ የዘጋህባትን ልጅ ከዋሻው አውጣ፣ ለሟቹም መቃብር ስራለት አሉት፣ እሱ ግን ሬሳውን ቀብሮ ነው ወደ ዋሻው የሄደው። ሲደርስ ራሷን ሰቅላለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ቲያትር በፍቅር፦
ለኔ ግን ይሄን ጥያቄ ሚያከብደው ሜዲያ የሚለው ቴአትር ነው፣ ባሏ ጄሰን ትቷት ሌላ ስላገባ የምትበቀል ሴት ታሪክ (ዩሪፒዲስ የፃፈው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 የታየ፣ በውድድሩ የመጨረሻ የወጣ!)። ሜዲያ ላይ ስሜትና ምክንያት ሁለት ሰው አይደሉም፣ አንድ ሰው ውስጥ ናቸው። ከሀገር ውጪ ካላት ከቆሮንቶሱ ንጉስ (እሱም ክሬዮን ነው ስሙ፣ ግን ሌላ ሰው ነው) ለምና አንድ ቀን ታስፈቅዳለች፣ ማንንም ሳትነካ በፊት ከአቴናው ንጉስ ኤጌዎስ መጠጊያ እንደሚሰጣት በመሃላ ታረጋግጣለች። ጭንቅላቷ እንደ ጦር አዛዥ ነው ሚሰራው። ልጆቿን ልትገድል ስትል ደግሞ የማደርገው ክፉ ነገር ይገባኛል፣ ግን ቁጣዬ ከሃሳቤ በረታ ትላለች። ማወቅ አላዳናትም። ጄሰን ደግሞ ትቷት ሌላ ሲያገባ ለናንተ ጥቅም ብዬ ነው እያለ አስልቶ ሲያስረዳት አስቡት፣ ስሌቱ ልክ ይመስላል፣ እኔ ግን በጣም ነው ሚያመኝ።

ዝምተኛው፦
አንቲጎኔን ግን አታንፁአት። ኢስሜኔ አብሬሽ ልሙት ስትላት ምን ያህል እንደምትጨክንባት አይታችኋል? ደግሞ ልትሞት ስትል ለባል ወይም ለልጅ ብዬ ይሄን አላደርግም ነበር፣ ሌላ ባል ሌላ ልጅ ይገኛል፣ እናትና አባቴ ግን ስለሞቱ ሌላ ወንድም አይወለድልኝም ትላለች። ቀዝቃዛ ሂሳብ ነው ሚመስለው፣ ለኔ ግን ሀዘን ያቃጠለው ሰው ያደረገውን ነገር ምክንያት ሲፈልግለት ነው ሚሰማኝ። መጀመሪያ ወንድሜን የቀበርኩት በአማልክት ህግ ነው ካለችበት ተነስታ እዚ መድረሷ ራሱ ምን ያህል ብቻዋን እንደቀረች ነው ሚያሳየኝ።

የመድረክ ወዳጅ፦
የባልና የወንድሙን ነገር በፍጥነት ነበር ያለፍኩት፣ እንዲህ ሲታይ ከባድ ነው። ዛሬ እሱን ክፍል ደግሜ አነባለሁ፣ ከዛ ሜዲያን እጀምራለሁ።