ክርክር፦ በኮምቦልቻና በደሴ «አረንጓዴ» ግንባታ በግዴታ ይሁን ወይስ በማበረታቻ?

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ለዛሬ የቀረበው ሐሳብ ይህ ነው። ኮምቦልቻ ላይ አዲስ የሚሠራ የፋብሪካ ሼድም ሆነ ደሴ ላይ ከሦስት ፎቅ በላይ የሚወጣ ሕንፃ ሶላር፣ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያና የፍሳሽ ማጣሪያ ከሌለው የግንባታ ፈቃድ አይሰጠው። ደጋፊዎች እንደ ሶላር ፓምፕ መገጣጠሚያና የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና ያሉ አዳዲስ ሥራዎች የሚመጡት ሕንፃው ሲጠብቃቸው ነው ይላሉ። ተቃዋሚዎች ደግሞ ግንባታውን አስወድዶ ባለሀብቱን ወደ ሌላ ከተማ ይሸኘዋል ባዮች ናቸው። ቁጥር ያላችሁ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ኑ።

ባለ ሼድ፦
ግዴታውን እቃወማለሁ። ከሁሉ በፊት አዲስ ሼድ ያስፈልጋል ወይ ተብሎ ይጠየቅ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2009 ሲመረቅ የመጀመሪያው ምዕራፍ ያረፈው 75 ሄክታር ላይ ነው። በ2014 መግቢያ ጦርነቱ ጎዳው፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አገሪቱ ከአጎዋ፣ ማለት ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል፣ ታገደች። እኛ ግን ስለ አዲስ ኢንዱስትሪ ባወራን ቁጥር የቆመውን ሼድ ትተን ሌላ የእርሻ መሬት ማስለካት ይቀናናል። ሲሚንቶ የሚፈጭበት ክሊንከር አንድ ቶን ሲመረት የምድጃው ነዳጅ ሳይቆጠር ከኖራ ድንጋዩ ብቻ ግማሽ ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የቆመ ሼድ ይህን ዕዳ አንዴ ከፍሏል። ወለሉ ተፈትሾ፣ ቆርቆሮው ተቀይሮ፣ የኃይል መስመሩ ታድሶ ለመገጣጠሚያ ሥራ ቢውል ከማንኛውም ፓነል የበለጠ አረንጓዴ ነው።

ሦስት ፌዝ፦
በዚህ ከባለ ሼድ ጋር ነኝ። ስለ ሶላሩ ግን ሁለቱም ወገን የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ፤ ስሌቱን ላስቀምጥ።

5,500 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ሼድ እንውሰድ። መተላለፊያው፣ የብርሃን ማስገቢያውና ዳር ዳሩ ተቀንሶ 60 በመቶው ቢሸፈን 3,300 ካሬ ሜትር ነው። ለአንድ ኪሎዋት ፓነል 5 ተኩል ካሬ ሜትር ብናስብ 600 ኪሎዋት ገደማ ይወጣዋል። በእኛ ፀሐይ አንድ ኪሎዋት በዓመት 1,500 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ስለሚሰጥ ድምሩ 900,000 ይሆናል። ቁጥሩ ያምራል። ዳሩ ግን የአገራችን መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ የሚመጣ ስለሆነ፣ ፓነሉ የዋናውን መስመር ኃይል ሲተካ የሚቀንሰው ጭስ ትንሽ ነው። ጭሱ ያለው ጄኔሬተሩ ላይ ነው። ናፍጣ ጄኔሬተር ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 0.3 ሊትር አካባቢ ይበላል፤ የአንድ ሊትር ናፍጣ ጭስ ደግሞ 2.7 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለው። 200 ኪሎዋት የሚስብ ፋብሪካ መብራት በጠፋ በየሰዓቱ 60 ሊትር ያቃጥላል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በርካሽ የሚገዛው ከመስመር ጋር ብቻ የሚሠራ ኢንቨርተር (የፓነሉን ኃይል ማሽን ወደሚሠራበት መብራት የሚቀይረው መሣሪያ) መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። እንዲህ የተሠራው ምሰሶ ላይ ያለ ሠራተኛ በፋብሪካው ኃይል እንዳይመታ ነው። ስለዚህ «ፓነል ይኑረው» ብላችሁ ብታስገድዱ ሁሉም ርካሹን ይገዛል፣ ጄኔሬተሩም እንደ ድሮው ይጮኻል። ከጄኔሬተር ጋር የሚናበብ መቆጣጠሪያ ያለው ኢንቨርተር ያስፈልጋል። እሱም ቢሆን ጄኔሬተሩ ከአቅሙ 30 በመቶ በታች እንዳይወርድ ፓነሉን መግታት አለበት፤ ከዚያ በታች ሲሠራ ያልተቃጠለ ነዳጅ ጭስ ማውጫው ውስጥ እየተጠራቀመ ሞተሩን ይገድለዋል።

ባለ ሼድ፦
እግዜር ይስጥልን። ሌላም አለ። ሼዱን የሠራው አከራዩ፣ የመብራት ሒሳብ የሚከፍለው ተከራዩ ነው። አከራዩ ፓነል ቢገዛ ቅናሹን የሚያየው ሌላ ሰው ነው። ተከራዩ እንዳይገዛ ውሉ አምስት ዓመት ነው፤ ጣሪያውም የሱ አይደለም። በግዴታ ይህን ቋጠሮ መፍታት አይቻልም።

ሦስት ፌዝ፦
በውል ግን ይፈታል። የጣሪያው መብት ከኪራይ ውሉ ተለይቶ ይጻፍ፤ ፓነሉ ተነቃይ ንብረት መሆኑ በግልጽ ይቀመጥ። በተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ማሽንና ዕቃ ለብድር መያዣነት ይመዘገባል። ካርታውን ሳያስይዝ ዕቃውን ራሱን የሚያስይዝ ተከራይ አምስት ዓመት ሲሞላው ወይ ይሸጣል ወይ ነቅሎ ይሄዳል። ሲነቀል ጣሪያውን ማን ይደፍናል የሚለው ዛሬ ካልተጻፈ ነገ ፍርድ ቤት ነው።

ጦሳ ግርጌ፦
እኔ ሦስተኛ መንገድ አለኝ። ዕቃ መግዛት ግዴታ አይሁን፤ ዝግጁነት ግን ግዴታ ይሁን። መሠረትና ብረት በሚቆምበት ጊዜ ብቻ ሊሠሩ የሚችሉ ነገሮች አሉ። ያኔ ካልተሠሩ በኋላ የሚጠይቁት ሦስትና አራት እጥፍ ነው።

ጣሪያውን እንይ። ፓነል ከነማሰሪያው በካሬ ሜትር 15 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ዋጋ ለመቀነስ ተላጭተው የተነደፉ ሼዶች ላይ ቆርቆሮው የሚያርፍበት አግድም ብረት ይህን አይችልም። አንዳንዱ ነዳፊ «ለጥገና ሰው የታሰበውን ጭነት ለፓነሉ አዋልኩት» ይላል። ስሕተት ነው፤ ፓነል የሚያጥበው ሰው አሁንም እዚያው ላይ ይወጣል። ከክብደቱ ይልቅ የሚጎዳው ደግሞ ነፋሱ ነው፤ በተለይ ጠርዝና ማዕዘን ላይ ወደ ላይ ይመነግላል። የአግድም ብረቱን ርቀት ከ1.5 ሜትር ወደ 1.2 ሜትር ማጥበብ የዚያን ብረት መጠን በሩብ ይጨምራል፤ የጠቅላላውን ሕንፃ ሳይሆን የዚያን ብቻ። ቆርቆሮውም 0.4 ሚሊሜትር ከሆነ 25 ዓመት ከሚቆየው ፓነል በፊት ይዝጋል፤ ያኔ 1,000 ፓነል አውርዶ ቆርቆሮ መቀየር ሊመጣ ነው። 0.5 ይሁን። ተዳፋቱስ? እኛ 11 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ስለሆንን ወደ ሰሜን ያዘነበለው ክንፍም ብዙ አይከስርም። ከ10 ዲግሪ በታች የተኛ ፓነል ግን አቧራውን ዝናብ አያጥብለትም።

ወለሉም እንዲሁ። የኮምቦልቻ ሜዳ ብዙው መረሬ አፈር ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ቢያንስ አንድ ሜትር ያህል ተቆፍሮ ወጥቶ በገረጋንቲ፣ በየ20 ሳንቲም እየተጠቀጠቀ ካልተተካ ወለሉ ይነሣል። መገጣጠሚያ መስመር የሚተክል ፋብሪካ ደግሞ 5 ሚሊሜትር መዛነፍ እንኳ አይፈቅድም።

ቦርከና ዳር፦
ጋሼ ጦሳ ግርጌ፣ ዝናቡንስ? 1,000 ሚሊሜትር ገደማ በሚዘንብበት አገር የዚያ ባለ 5,500 ካሬ ሜትር ሼድ ጣሪያ በዓመት 4,400 ሜትር ኩብ ይሰጣል፤ የሚባክነውን ሃያ በመቶ ቀንሼ ነው። ይህ ሁሉ ወደ ጎረቤት ማሳ እየተለቀቀ ነው። ማጠራቀሚያው እንኳ ግዴታ ይሁን እንጂ። የተረፈው ደግሞ በማስረጊያ ጉድጓድ ወደ መሬት ይግባ።

ጦሳ ግርጌ፦
ማጠራቀሚያውን እቀበላለሁ፤ ማስረጊያውን ግን ለደሴ ፈጽሞ አልቀበልም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ሰው የሚገድል ጉዳይ ስለሆነ ነው። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ያለች ተዳፋት ከተማ ናት። የመሬት መንሸራተት ታሪኳ የታወቀ ነው፤ መንሸራተቱን የሚቀሰቅሰው ደግሞ ከሥር የሚገባው ውኃ ነው። ለሜዳ ከተማ የተጻፈ የአረንጓዴ ሕንፃ መመሪያ «ዝናቡን በግቢህ አስርግ» ይላል። ይህን ገልብጠን ተዳፋት ላይ ብንሠራው የጎረቤታችንን ቤት እየገፋን ነው። ደሴ ላይ ውኃው በአሸንዳ ተይዞ፣ ወደ ሮቶ ወይም ወደ ግንብ ታንክ ገብቶ፣ ትርፉ በተዘጋ ቱቦ እስከ ዋናው ፍሳሽ መውረድ አለበት። የሞላው ታንክም ከድጋፍ ግንብ ጫፍ ይራቅ፤ 10 ሜትር ኩብ ውኃ 10 ቶን ነው። የድጋፍ ግንቡም በየሁለት ሜትሩ የውኃ ማሾለኪያ ቀዳዳ፣ ከጀርባውም ጠጠር ይኑረው። ቀዳዳው ኖሮ ከጀርባው ጭቃ ብቻ ከተሞላ ግንቡ በሁለተኛው ክረምት ያረግዛል።

ኮምቦልቻ መረሬው ላይም ከመሠረት አጠገብ ማስረግ አይገባም። ከሕንፃው ርቆ ግን ይቻላል።

ቦርከና ዳር፦
አሳምነኸኛል፤ ለደሴ የማስረጊያውን ነገር አንሥቻለሁ። ለኮምቦልቻ ሼድ ግን ማጠራቀሚያው ከእሳት ማጥፊያው ታንክ ጋር አንድ ላይ ይሠራ። በአንድ ቀን 50 ሚሊሜትር ቢዘንብ 220 ሜትር ኩብ ይመጣል። 200 ሜትር ኩብ ታንክ ላይ የሽንት ቤትና የአትክልት መሳቢያው ከመሐል ከፍታ ይውጣ፤ ከሱ በታች ያለው ለእሳት ብቻ ይቀመጣል። መሳቢያው ከታች ከወጣ እሳት በተነሣ ዕለት ታንኩ ባዶ ነው።

ሐረጎ፦
ስለ ግድግዳው ማንም አላነሣም። አረንጓዴ ሲባል ሰው ወዲያው ወደ ተጨመቀ የአፈር ብሎክ ይሮጣል። እውነቱን እንናገር። ባለ 20 ሳንቲም ብሎኬት በካሬ ሜትር 12 ተኩል ይገባል፤ ከአንድ ከረጢት 50 ኪሎ ሲሚንቶ 35 ብሎኬት ቢወጣ በካሬው 18 ኪሎ ገደማ ነው። 8 ኪሎ የሚመዝን የአፈር ብሎክ 6 በመቶ ሲሚንቶ ቢኖረው ግማሽ ኪሎ ያህል ይይዛል፤ በካሬው 30 ስለሚገባ 15 ኪሎ ይሆናል። ልዩነቱ ሦስት ኪሎ ነው። ትርፉ ያለው ልስኑ ላይ ነው፤ ሁለት ሳንቲም ልስን በአንድ ፊት 7 ኪሎ ያህል ሲሚንቶ ይበላል። የአፈር ብሎኩን ሠርታችሁ መልሳችሁ በሁለት ፊት ከለሰናችሁት ምንም አላተረፋችሁም።

አፈሩም ይፈተን። 60 ሳንቲም ርዝመት፣ 4 በ4 ሳንቲም የሆነ ሳጥን ዘይት ቀብታችሁ እርጥቡን አፈር ሙሉበትና አድርቁት። ደርቆ ከሳጥኑ ጫፍ ከ15 ሚሊሜትር በታች ከሸሸ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለ18 እጅ አፈር ይበቃል፤ ከ45 እስከ 60 ከሸሸ አንድ ለ12 ነው። ከዚያ በላይ ከሸሸ አሸዋ ካልተቀላቀለበት አይሆንም፤ መረሬ ደግሞ ጭራሹኑ ተዉት። ብዙ ብሎክ የሚበላሸው ግን በቅይጡ አይደለም፤ ሳምንት ሙሉ በላስቲክ ተሸፍኖ ሳይርስ ፀሐይ ስለሚመታው ነው።

ጦሳ ግርጌ፦
እህቴ፣ አንድ ልጨምር። እዚህ ስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነን። በ1953 የካራ ቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷታል። የአፈር ብሎክ ፎቅ ተሸካሚ አይሁን፤ በኮለንና በትራቭ መካከል መሙያ ይሁን።

ሐረጎ፦
ልክ ነህ። ለመሙያ ነው የማስበው።

ሦስት ፌዝ፦
ለደሴ ፎቆች የኤሌክትሪክ መኪና ነገር አይረሳ። በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ጥያቄው ይመጣል ሳይሆን መጥቷል። አንድ የቤት ቻርጀር 32 አምፔር፣ 7 ኪሎዋት ነው። ሃያ ቢሆኑ 140 ኪሎዋት፤ የሕንፃው ትራንስፎርመር አይችለውም። ተራ በተራ የሚያካፍል መቆጣጠሪያ ካለ ግን 40 ኪሎዋት ለሌሊት ይበቃል። ዛሬ ግዴታ መሆን ያለበት ከመቆጣጠሪያ ሳጥኑ እስከ መኪና ማቆሚያው ባዶ ባለ 50 ሚሊሜትር ቱቦ ነው፤ ሶሌታው ከተሞላ በኋላ መብሳት አይቻልም። በነገራችን ላይ ከኮምቦልቻ በሐረጎ ዳገት ወደ ደሴ ለመውጣት 1.5 ቶን መኪና ለ650 ሜትሩ ከፍታ ብቻ 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ሲወርድ ግን ብዙውን መልሶ ይሞላል፤ ለዚህ መንገድ የተመቸ መኪና ነው።

ቦርከና ዳር፦
ወደ ፍሳሹ እመለሳለሁ፤ ለእኔ ትልቁ እሱ ነው። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽ ወደ ለዮሌና ወርቃ ወንዞች፣ ከዚያ ወደ ቦርከና፣ ከዚያም በጨፋ ረግረግ አልፎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ጨፋ ላይ ከብት ይጠጣዋል። ሐዋሳ ፓርክ በቀን 11,000 ሜትር ኩብ የሚያጠራ፣ ፍሳሽ የማያወጣ ጣቢያ ተሠርቶለታል፤ እሱ ግን ብዙ ኃይል ይፈልጋል፣ የሚቀረውን ጨውም ማስወገድ አለበት። ለአንድ ሼድ ያንን ማስገደድ አይቻልም። በጋሼ መንገድ ግን ሦስት ነገር ግዴታ ይሁን፦ የዝናብ፣ የሽንት ቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ቱቦ ከወለሉ በታች ለየብቻ ይውጣ፤ ለማጣሪያ የሚሆን ቦታ በፕላኑ ላይ ይከለል፤ የፋብሪካው ቱቦ ከግቢ ከመውጣቱ በፊት ናሙና የሚቀዳበት ማንሆል ይኑር። አሁን ሦስቱ ስለሚደባለቁ ዝናቡ መርዙን አቅጥኖት ምርመራው «ንጹሕ» ይላል።

ባለ ሼድ፦
ቱቦ መለየትና ባዶ ቱቦ መቅበር ከሆነ እኔም አልቃወምም፤ ወጪው ትንሽ ነው። ማንሆሉ ላይ ግን አንድ ስጋት አለኝ። ናሙናውን አንድ ወገን ብቻ ቀድቶ ውጤት ይዞ ከመጣ ባለ ንብረቱ በምን ይከራከራል? ሦስት ጠርሙስ ይቀዳ፤ አንዱ ለቢሮው፣ አንዱ ለባለ ንብረቱ፣ ሦስተኛው ታሽጎ ለክርክር ይቀመጥ።

ቦርከና ዳር፦
ተስማማን፤ ነገር ግን ሦስተኛው ጠርሙስ ለሁሉ ነገር አያገለግልም። እንደ ክሮሚየም ላለው ብረት በናይትሪክ አሲድ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ2 በታች ከወረደ እስከ ስድስት ወር ይቆያል። ቢኦዲ (በፍሳሹ ያለው ብስባሽ ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚፈጅ የሚለካበት ምርመራ) ግን በበረዶ ተይዞም ቢሆን በ48 ሰዓት ውስጥ መመርመር ካልጀመረ ዋጋ የለውም። ስለዚህ የቢኦዲው ጠርሙስ በዚያው ቀን በሁለት ላቦራቶሪ ይገባ፣ የሚታሸገው የብረቱ ብቻ ይሁን። ማንሆሉም ሁለት ቁልፍ ይኑረው።