እሑድ በአዳራሹ መድረክ ላይ ስለተሳበው ነጭ ዱቄት፦ የየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ክርክር

የሦስቱ እናት፦ ሰላም ጎረቤቶች። «ስለ ሱስ አስተማሪ ቴአትር ነው፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ» ተብለን እሑድ ይዘን ሄድን። ልጁ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ዱቄት አፈሰሰ፣ በመታወቂያ ከፋፈለ፣ መቶ ብር ጠቅልሎ በአፍንጫው ሳበ። ደግሞ ሁለቴ! ትናንት ማታ የሰባት ዓመቷ ልጄ ትሪ ላይ ስኳር በትና በትምህርት ቤት መታወቂያዋ መስመር ስታሰምር አገኘኋት። ማን ነው ይሄን ያጸደቀው?

ብሎክ 31፦ እኔም ነበርኩ። ልጁ ሲሞት አልቅሻለሁ፣ አልዋሽም። ግን አንዴ ቢስብ አይበቃም ነበር?

የአባዶ ልጅ፦ እዚህ ከተማ ዳር ተጥለን ሲኒማ የለን፣ ብሔራዊ ቴአትር ለመሄድ ግማሽ ቀን በታክሲ ሰልፍ ያልቃል። ልጆቹ ራሳቸው ጽፈው፣ ራሳቸው አዘጋጅተው አንድ ነገር ሲያሳዩን ደግሞ «ማን አጸደቀው»። ሺሻ ቤት ቢውሉ ኖሮ ማንም አይጠይቅም ነበር።

መጋረጃ ጀርባ፦ የመድረኩን ዕቃ ያዘጋጀሁት እኔ ስለሆንኩ እኔ ልመልስ። ዱቄቱ የዱቄት ወተት ነው፤ ሻይ ላይ የምትጨምሩት። የተጠቀለለው ብር ውስጡን ቫዝሊን ተቀብቷል፣ ዱቄቱ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል እንጂ አፍንጫ አይደርስም። የውጭዎቹም እንዲሁ ያደርጋሉ። አረቄው ውሃ ነበር፣ ጠጁ ብርዝ። ሲሪንጁ መርፌ የለውም፤ ተመልካች በማያየው በኩል ክንዱን አስጠግቶ ነው የሚጫነው። ማንም ምንም አልወሰደም፣ ተረጋጉ።

የሦስቱ እናት፦ ወንድሜ፣ ኮኬይን ነው መች አልኩ? ልጄም የበተነችው ስኳር ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ እህታችን ያለችው ልክ ነው። ማስመሰል ራሱ ልምምድ ነው። ክፍል ውስጥ ያየሁትን ልናገር፦ ጠመኔ በሁለት ጣቱ ይዞ እያስመሰለ የሚያጨስ ልጅ ኋላ ጠመኔውን ጥሎ ሲጋራውን ይይዛል።

ሲኒማ ወዳድ፦ «ማስመሰል ራሱ ልምምድ ነው»! ይሄማ አዳራሹ በር ላይ ይጻፍ። እንግዲህ ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተረጎመውን ኦቴሎ የተጫወቱት ሁሉ ሚስት ማፈን ሲለማመዱ ነበር ማለት ነዋ። በስቅለት ድራማ ይሁዳ የሆነው የብሎክ 12 ልጅስ? ቤቱ ይፈተሽ፣ ሠላሳ ብር ሳይገኝ አይቀርም።

ብሎክ 12፦ የኔ ልጅ ነው። እባክህ ተወው። ሠላሳ ብሩ ይቅርና ውሃ እንኳን አላጠጣችሁትም።

ጡረተኛው መምህር፦ ቀልድ መልስ አይሆንም። ኦቴሎን አይቶ ቤቱ ገብቶ የሚሞክረው የለም። ነጭ ዱቄትና ወረቀት ግን በየቤቱ አለ። እኔ የምለው ለመኮረጅ ስለቀለለ ነገር ነው።

ሲኒማ ወዳድ፦ ጋሼ፣ ልምምድን ካነሡ አይቀር፦ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ትሬንስፖቲንግ ሲሠራ ተዋናዮቹን የሄሮይን አዘገጃጀት ያሳዩአቸው ማን ይመስልዎታል? በግላስጎው ከሱስ ያገገሙ ሰዎች። በግሉኮስ ዱቄት። ሱሱ እነሱን ራሳቸውን አቃጥሏቸው ማስመሰሉን አልፈሩም፤ እርስዎ ፈሩላቸው።

ጡረተኛው መምህር፦ የሠለጠኑት ተዋናዮች ናቸው፣ የሰባት ዓመት ሕፃን አይደለችም። እንግሊዝ አገር ያ ፊልም ሲኒማ ቤት ሲገባ ከ18 ዓመት በታች ላለ ተከልክሏል። ይሄንንስ ለምን አልነገርከንም?

ሲኒማ ወዳድ፦ እሱማ በር ላይ ዕድሜ መጻፍ ነበረበት። አዘጋጆቹን ጠይቁ።

የሦስቱ እናት፦ በር ላይ የተጻፈውን አንብቤዋለሁ። «ሕፃናት በነፃ» ነው የሚለው።

የአባዶ ልጅ፦ ነፃ ማለት ግዴታ ማለት አይደለም እህቴ።

ብሎክ 31፦ ሳያሳዩ ማሳየት አይቻልም ወይ? ቱርኮቹ በራሳቸው ቴሌቪዥን ሲጋራውን ያደበዝዙት የለ?

ሲኒማ ወዳድ፦ ያደበዝዛሉ። ተመልካቹ ከደበዘዘው ውስጥ ጭስ ሲወጣ ያያል። ይሄ ማንን ሲያድን አየሽ? መድረክ ላይስ ልጁ ፊት ፌስታል ይያዝ? ካሜራ ሌላ ነው፣ ብልሃት ሞልቶታል። ፐልፕ ፊክሽን ላይ ሴትዮዋ ደረት ላይ መርፌ ሲተከል ያየነው እኮ ትራቮልታ ሲነቅለው የተቀረጸ ነው፤ ወደ ኋላ አጫወቱት። መድረክ ላይ ወደ ኋላ ማጫወት የለም። ያለው ጀርባ መስጠት ብቻ ነው።

ብሎክ 31፦ ታዲያ ጀርባውን ይስጠና!

መጋረጃ ጀርባ፦ ሞክረነዋል። ልምምድ ላይ ጀርባውን ሲሰጥ ምን እያደረገ እንደሆነ ማንም አልገባውም። አንዱማ የሚሸና መስሎት ሳቀ።

ብሎክ 31፦ ሃሃሃ። እሺ ይሄንን ተቀበልኩ።

ምድር ቤት፦ እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ። ፊት ወንበር ነበርኩ። ዱቄቱ ቫዝሊኑ ላይ ከቀረ ልጁን እንባው እስኪወርድ ለምን አሳለው?

መጋረጃ ጀርባ፦ ትወና ነው።

ምድር ቤት፦ ትወና ከሆነ ይሸለም። መጋረጃው ከወረደ በኋላ ውጭ ቧንቧው ጋ ጎንበስ ብሎ ሲያስል አይቼዋለሁ። ያኔስ ለማን ነበር የሚተውነው?

የአባዶ ልጅ፦ ጉንፋን ይዞት ነበር። ደግሞ አንተ ሱቅህን ዘግተህ ቧንቧ ጋ ምን ትሠራለህ?

ሲኒማ ወዳድ፦ ቆይ፣ ይሄኛው ጥያቄ አይናቅም። ዘ ዎልፍ ኦፍ ዎል ስትሪት ላይ በኮኬይን ፈንታ የሳቡት የቫይታሚን ዱቄት ነው። ጆናህ ሂል ከብዛቱ የተነሣ ብሮንካይተስ ይዞት ሆስፒታል እንደገባ ራሱ ተናግሯል። ቫይታሚን ነው እንግዲህ፣ የሚሸጠውም ለጤና ነው። ሳንባ ውስጥ ሲገባ ግን ዱቄት ዱቄት ነው። ሁላችንም ስለ ተመልካች ስንጨነቅ ስለ ተዋናዩ የጠየቀው አንድ ባለ ሱቅ ብቻ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ አያችሁ? ትናንት ሲሳለቅብኝ የነበረው ሰው ዛሬ ወደኔ መጣ።

ሲኒማ ወዳድ፦ ወደ እርስዎ አልመጣሁም ጋሼ። እርስዎ ስለ ልምምድ ነው ያወሩት፣ እኔ ስለ ሳንባ።

ብሎክ 12፦ ስለ ወተቱ ሁላችሁም ተናገራችሁ። የመጀመሪያው ክፍል ላይ አራቱ ልጆች ፍራሽ ላይ ተቀምጠው የቃሙትስ? እሱም ወተት ነው?

መጋረጃ ጀርባ፦ እሱ ጫት ነው።

ብሎክ 12፦ ጫት ማለት ጫት?

መጋረጃ ጀርባ፦ ምን ይደረግ ታዲያ? የጌሾ ቅጠል ሞክረን መረራቸው፣ መድረክ ላይ ተፉት። ከታች አንድ ዙርባ ገዛን። ሕጋዊ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ ነው የሚሸጠው።

የሦስቱ እናት፦ ልጆቹ እኮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናቸው! ፈተና ደርሶባቸዋል!

ጡረተኛው መምህር፦ ጫትን ከዱቄት ጋር አንድ ላይ አትደምሩ። አገሪቱ ወደ ውጭ ልካ ምንዛሪ የምታገኝበት ነው። ባህልም አለው፣ ዱአም አለው። ጉዳዩን አታወሳስቡት።

ሲኒማ ወዳድ፦ ጋሼ! ማስመሰሉ ልምምድ ከሆነ የእውነቱ ምንድን ነው? ምረቃ ነው ወይስ ምርቃና?

ብሎክ 31፦ ሞትኩ!

ምድር ቤት፦ ቅዳሜ ከሰዓት ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ሱቄ በር ላይ የሚራገፈው ገረባ የማን እንደሆነ ስም አልጠራም።

ጡረተኛው መምህር፦ ስም የማትጠራ ከሆነ ዝም በል። እንግዳ የመጣ ቀን ነው። ደግሞ ለስላሳውን ከአንተው ሱቅ አይደል የምንገዛው?

ምድር ቤት፦ ለስላሳ ገዛችሁ ማለት ጥራጊውን እኔ እጠርጋለሁ ማለት አይደለም ጋሼ። በአክብሮት ነው።

የአባዶ ልጅ፦ ስለ ጥራጊ ከተነሣ ከብሎኩ ጀርባ ያለው ገንዳ ለምን አይነሣም? አስተባባሪዎቹ የት ናችሁ?

የሦስቱ እናት፦ እባካችሁ ወደ ጉዳዩ እንመለስ። የውሸቱን ዱቄት ሁላችንም አየን። የእውነቱ ጫት ሲቃም እኔ ራሴ ከልጆቼ ጋር ቁጭ ብዬ ስስቅ ነበር፤ ቀልዱ ደስ ይል ነበርና። አሁን የበለጠ ተናደድኩ።

መጋረጃ ጀርባ፦ እኛ እኮ ሕግ አክብረናል። ሲጋራውን እንኳን አላስለኮስንም፤ አዳራሽ ውስጥ ማጨስ በአዋጅ 1112/2011 ስለተከለከለ እንዲሁ በከንፈሩ ይዞት ነው የወጣው።

ብሎክ 31፦ እንግዲህ ያዙልኝ! ሲጋራው ሳይለኮስ አጫሽ መሆኑ ገብቶን የለ? ማንም «ክብሪቱ የት አለ» አላለም። ዱቄቱስ ጠረጴዛ ላይ ቢታይና መብራቱ ቢጠፋ ለምን አይገባንም?

መጋረጃ ጀርባ፦ የሲጋራው ሕግ ስላለ ነው። ስለ ዱቄት ወተት የወጣ አዋጅ የለም።

ሲኒማ ወዳድ፦ ማለትም በዚህ አገር አዘጋጅ የሚያስበው ሲከለከል ብቻ ነው። የአባዶ ልጅ፣ ይሄንንም ተከላከልልን እስቲ።

የአባዶ ልጅ፦ እከላከላለሁ። መብራት ማጥፋት ቀላል ይመስላችኋል? ያለን አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፣ እሱን ካጠፋነው ሽንት ቤቱም ይጨልማል። ነቃፊ ሁሉ፣ አንድ ቀን መጥታችሁ ወንበር ደርድሩ።

ብሎክ 31፦ ወንበሩን እኔ ነኝ ከቤቴ ያመጣሁት! አራቱ አልተመለሱልኝም!

የመዋጮ ገንዘብ ያዥ፦ ከርዕሱ አልወጣሁም፣ ታገሡኝ። ከወጣቶች መዋጮ ለቴአትሩ የወጣው ደረሰኝ እጄ ላይ ነው። የጨርቅ አለ፣ የቀለም አለ፣ የቫዝሊን አለ። የዱቄት ወተት ግን የለም።

መጋረጃ ጀርባ፦ ወተቱን ለመጀመሪያው ቀን ከቤቴ ነው ያመጣሁት። አለቀ። እሑድ ስታርች ነበር።

ምድር ቤት፦ አሳለው አላልኳችሁም?

የሦስቱ እናት፦ የምን ስታርች? የሚበላው ወይስ የልብስ?

መጋረጃ ጀርባ፦ ከመድረክ ሲታይ ልዩነት የለውም። ነጭ ነው።

ብሎክ 12፦ ለልጁ አፍንጫም ልዩነት የለውም?

የአባዶ ልጅ፦ የሚሠራ ሰው ላይ መረባረብ ልማዳችሁ ነው።

የአዳራሹ አስተባባሪ፦ ማሳሰቢያ፦ የቅዳሜው ትርዒት በሰዓቱ ይቀርባል። ውሃ ስለማይኖር ሽንት ቤቱ ዝግ ነው። የብሎክ 31 ወንበሮች መጋዘን ውስጥ ተገኝተዋል፤ ሦስት ናቸው።

ብሎክ 31፦ አራት ናቸው አልኩ እኮ!

የሦስቱ እናት፦ የምን ስታርች እንደሆነ አልተመለሰልኝም።