ለብረታ ብረት ወርክሾፕ የትኛው ቱርኒኬት ይገዛ?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በርና መስኮት እንሠራለን። ግራይንደሩና የላሜራ መቁረጫው ከጠዋት እስከ ማታ አያርፉም። ለመጀመሪያ ሕክምና ሳጥናችን ቱርኒኬት (ክፉኛ የሚደማ እጅን ወይም እግርን አጥብቆ ደም የሚያቆም ማሰሪያ) ብንጠይቅ ፋርማሲው ሰማያዊ ላስቲክ ሰጠን። ይበቃል? ሥልጠናስ ከማን እንውሰድ?

መልስ፦ አይበቃም። እርሱ ለምርመራ ደም ሲቀዳ ክንድ ላይ የሚታሰረው ነው። ደም መልስ ሥሩን ብቻ ይዘጋል፤ ደም ቅዳው ግን ከልብ የመጣውን መግፋቱን አያቆምም። እንዲህ ላላ ያለ ማሰሪያ በከባድ ቁስል ላይ መድማቱን ጭራሽ ያብሰዋል። በየሳጥኑ ውስጥ እንደ ቁም ነገር ተጠቅልሎ ሳየው ያናድደኛል።

የሚገዛው ማዞሪያ ዘንግ ያለው ነው። ከታወቁት ሁለቱን ላወዳድር። ካት የሚባለው የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ለወታደሮቹ ያደለው ሲሆን፣ ማሰሪያው 3.8 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ዘንጉ ፕላስቲክ ነው፤ የሚያያዘው በቬልክሮ ነው። ሶፍቲ ዋይድ ዘንጉ ብረት በመሆኑ ይጠነክራል፤ ነገር ግን የራስን ክንድ በአንድ እጅ ለማሰር ከካቱ የበለጠ ልምምድ ይጠይቃል። ለእናንተ ካቱን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የተቆረጠው ሰው ብቻውን ሊሆን ይችላል። ቬልክሮው ግን የብረት ብናኝና ግራሶ አይወድም፤ ከላስቲክ ከረጢቱ ሳታወጡ አስቀምጡት።

አስመስለው የሠሩት ብዙ ነው። ከላይ ሲያዩት አንድ ናቸው፤ ጠበቅ አድርገው ሲያዞሩት ዘንጉ ይጎብጣል ወይም ይሰበራል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ከአምራቹ ሕጋዊ ሻጭ እንዲገዛላችሁ አድርጉ፤ ዋጋው ከሌላው ቦታ በግማሽ ከወረደ ተጠራጠሩ። ሰማያዊ ካት ካገኛችሁ ለልምምድ የተሠራ ነው፤ ሳጥን ውስጥ አይገባም።

እስኪገኝ ድረስ ነጠላ ወይም ጠንካራ ጨርቅ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት እንዲኖረው አጥፋችሁ፣ ካቻቢቴ ወይም ትንሽ መፍቻ አስገብታችሁ ማዞር ይቻላል። እስክሪብቶ ይሰበራል። ሽቦና ቀጭን ገመድ ሥጋና ነርቭ ይጎዳሉ፤ የወፍራም ቆዳ ቀበቶ ደግሞ አይጠመዘዝም።

ሌላ መልስ፦ በድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። በቱርኒኬቱ እስማማለሁ፤ ግን አስቀድማችሁ ጎዝ፣ ፋሻና ጓንት በብዛት ግዙ። አብዛኛው ቁስል በሁለት እጅ፣ የሰውነትን ክብደት ጥሎ፣ ሳያነሱ ሲጫኑት ይቆማል። በየደቂቃው ገልጦ ማየት አያስፈልግም። አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ ማሰሪያ ቦታ የለውም፤ የብብትና የብሽሽት ጥልቅ ቁስል ውስጥ ጎዝ ጠቅጥቆ መጫን ነው። ቡና መነስነስ ይቅር። እባብ ለነደፈውም ቱርኒኬት አይታሰርም።

ደሙ የሚፈናጠር ወይም የሚንዠቀዠቅ ከሆነ፣ ወይም እጅ ወይም እግር ከተቆረጠ፣ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ እሰሩ፤ ክርንና ጉልበት ላይ ግን አይሆንም። መድማቱ እስኪቆም አዙሩ። ተጎጂው ይጮኻል፤ በትክክል ሲታሰር ያማል። ያሰራችሁበትን ሰዓት ማሰሪያው ላይ ጻፉ። «6፡20» ብቻ ከሆነ ተቀባዩ ሐኪም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይደናገራል፤ «ቀን» ወይም «ሌሊት» ጨምሩበት።

ጥያቄ፦ በየጥቂት ደቂቃው ላላ እያደረጉ እግሩ ደም እንዲያገኝ ማድረግ ይገባል ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ የድሮ ምክር ነው፤ ዛሬ አይመከርም። በላላ ቁጥር የረጋው ደም ይፈታል፤ ተጎጂውም የቀረችውን ደም ያጣል። ከታሰረ በኋላ ሁለት ሰዓት እስኪሞላው ድረስ እጅ ወይም እግር የማጣት ስጋቱ ዝቅተኛ ነው፤ መፍታቱን ለሐኪሞቹ ተዉላቸው።

ስለ ሥልጠናው፦ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ለድርጅቶች የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ሥልጠና ይሰጣል፤ ከግሎቹ ጠብታ አምቡላንስም አለ። ከዋጋው በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ እያንዳንዱ ሠልጣኝ በገዛ ክንዱ ላይ በአንድ እጁ ያስራል ወይስ በስላይድ ብቻ ያያል? ሁለተኛው ከሆነ ገንዘባችሁን ለጎዝ አውሉት። ግድግዳ ላይ 907 የቀይ መስቀል፣ 939 የእሳትና አደጋ፣ 8035 የጠብታ ብላችሁ በትልቁ ጻፉ፤ ከሥሩም የወርክሾፓችሁን አድራሻ ከታወቀ ምልክት ጋር፤ የደነገጠ ሠራተኛ ሰፈሩን እንኳ መናገር ያቅተዋል።

ሌላ መልስ፦ ሁለት ግዙ። ወፍራም ጭን ላይ አንዱ ላያቆመው ይችላል፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያውን ሳትፈቱ ሁለተኛውን ከበላዩ አጠጋግታችሁ ታስራላችሁ።