የተሸነፈው ሐሳብ ለምን ተጻፈ?

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ ሰላም ወገን። እኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ በሻማ ስለ ታልሙድ፣ የአይሁድ ሊቃውንት ሕግና ክርክር ስለተጻፈበት መጽሐፍ፣ እያነበብኩ ነው። ለሐኑካ፣ ለስምንት ቀኑ የአይሁድ የመብራት በዓል፣ የሊቁ የሻማይ ወገኖች በስምንት መብራት ተጀምሮ በየቀኑ ይቀነስ ይላሉ። የሌላው ሊቅ የሂሌል ወገኖች ደግሞ ባንድ ተጀምሮ ይጨመር ይላሉ። የሂሌል ጸና። የተረታውን መመዝገብ ምን ይሠራል?

መልስ፦ የታልሙድ መሠረት የሆነው የሕግ ስብስብ፣ ሚሽና፣ ራሱ ይመልስልሃል። ኋላ የሚመጣ ሸንጎ የጥቂቶቹን ሐሳብ ሊደግፍ ይችላል ይላል። ሊቁ ይሁዳ ሃናሲ እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ ሲያሰባስበው የሊቃውንቱን ክርክሮችም አብሮ ያስገባው በከንቱ አይደለም።

መልስ፦ የኛም የአንድምታ መምህራን ሁለት ሦስት ፍቺ ደርድረው ያስተምሩ የለ? አይሁድ ዘንድ ግን መብራቱን ስንት ላድርግ የሚል ሰው ደጅ ቆሟል፤ መወሰን ግድ ነው።

ጠያቂው፦ ገባኝ ጋሼ። የሐዋርያት ሥራ ላይ ያለው ገማልያልስ የማን ወገን ነው?

መልስ፦ የሂሌል። የልጅ ልጁ ነው ይባላል።