ትናንሽ የወርቅ ሳንቲሞችን ለጥሪት መግዛት፦ ከየትኛው ልጀምር?

ጥያቄ፣ ከጀማሪዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ከደመወዜ ከምቆጥበው ገንዘብ የተወሰነውን ወደ ወርቅ መለወጥ እፈልጋለሁ። ጌጣጌጥ አላሰብኩም፤ የእጅ ዋጋው ሲሸጥ አይመለስም። ያሰብኩት የተለያዩ መንግሥታት ለጥሪት መያዣ የሚያስመርቷቸውን የወርቅ ሳንቲሞች ነው። ሙሉ አውንስ በአንድ ጊዜ ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም። የአውንስ አንድ አሥረኛ ወይም አንድ አራተኛ የሆኑትን ግን አልፎ አልፎ መግዛት እችላለሁ፤ ገንዘቡንም ለረጅም ዓመታት አልነካውም።

ግራ ያጋቡኝ ነገሮች አሉ። ሻጮች በትንሿ ሳንቲም ላይ ከወርቁ ዋጋ በላይ ብዙ ይጨምራሉ፤ ይህ ያለ ነገር ነው ወይስ እየተታለልኩ ነው? ደግሞ አንዱ ሳንቲም 22 ካራት፣ ሌላው 24 ካራት ነው፤ የትኛው ይሻላል? እውነተኛ መሆኑንስ ቤቴ ሆኜ ማረጋገጥ እችላለሁ? የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።

ባለሒሳቡ

እህቴ፣ ጭማሪው ያለ ነገር ነው፤ ልኩን ማወቅ ግን የአንቺ ፈንታ ነው። አንዲት ባለ አንድ አሥረኛ አውንስ ሳንቲም ለማተም፣ ለመፈተሽ፣ ለማሸግና ለመሸጥ የሚወጣው ወጪ ለሙሉ አውንስ ከሚወጣው ብዙም አያንስም። ያ ወጪ በ31 ግራም ላይ ሲከፋፈልና በ3 ግራም ላይ ሲከፋፈል አንድ ሊሆን አይችልም። ሳንቲሟ ባነሰች ቁጥር ጭማሪው በመቶኛ እያደገ የሚሄደው ለዚህ ነው።

ሻጭ ዘንድ ከመሄድሽ በፊት ይህን ሒሳብ ሥሪ። የዕለቱን የዓለም ገበያ የአንድ አውንስ ዋጋ ያዢ። ለ31.1035 አካፍዪው፤ የአንድ ግራም ንጹሕ ወርቅ ዋጋ ይሰጥሻል። ያንን በሳንቲሟ ውስጥ ባለው የንጹሕ ወርቅ ግራም አባዢው። ከዚህ በላይ የተጠየቅሽው ሁሉ ጭማሪ ነው። (የወርቅ አውንስ ትሮይ አውንስ ነው፤ ለሌላ ዕቃ መመዘኛ ከሚያገለግለው ባለ 28 ግራም አውንስ ጋር እንዳታምታቺው።)

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ያው ሻጭ ዛሬውኑ መልሶ በስንት ይገዛኛል የሚለው ነው። ለምሳሌ ያህል ወርቁ 100 የሚያወጣ ሳንቲም በ115 ገዝተሽ መልሶ መግዣው 98 ከሆነ፣ ወርቅ ከ17 በመቶ በላይ እስኪጨምር ድረስ ገና ገንዘብሽን አልመለስሽም። በ104 የሚሸጥ ተለቅ ያለ ሳንቲም ቢሆን 6 በመቶ ያህል ጭማሪ ይበቃሽ ነበር። ሁለቱንም ዋጋ ሳይነግርሽ የሚሸጥ ሰው ካጋጠመሽ ሌላ ሻጭ ፈልጊ።

አንጥረኛው

ስለ ካራቱ እኔ ልመልስ። 24 ካራት ንጹሕ ወርቅ ነው፤ 22 ካራት ከ24 እጅ 22ቱ ወርቅ የሆነ ድብልቅ ነው። በጥሪት በኩል 22 ካራት ከ24 ካራት አያንስም፤ የምትገዢው በውስጡ ያለውን ንጹሕ ወርቅ ነውና። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 መመረት የጀመረው የደቡብ አፍሪካው ክሩገራንድ 22 ካራት ነው። መዳብ ስለተቀላቀለበት ባለ አንድ አውንሱ ሲመዘን 33.93 ግራም ነው፤ ንጹሕ ወርቁ ግን ልክ አንድ አውንስ ነው። የአሜሪካው ኢግልም እንዲሁ ነው። የካናዳው ሜፕል ሊፍና የኦስትሪያው ፊልሃርሞኒክ ከሺህ 999.9 ንጽሕና አላቸው፤ 24 ካራት ማለት ነው። የብሪታኒያው ብሪታኒያ ሳንቲም እስከ 2012 ድረስ 22 ካራት ነበር፤ ከ2013 ጀምሮ ወደ 999.9 ተለውጧል፤ ስለዚህ በእሱ ላይ ዓመተ ምሕረቱን ማየት አይቅር።

ልዩነቱ የሚታየው በአያያዝ ነው። ንጹሕ ወርቅ ለስላሳ ነው፤ እርስ በርሱ ቢነካካ ይጫጫራል፣ ጠርዙም ይጎዳል። 22 ካራቱ ጠንከር ይላል፤ ከእጅ ወደ እጅ እንዲዘዋወር የታሰበ ድብልቅ ነው።

አንድ ምክር ልጨምር፤ አሮጌ ሳንቲሞችን ሳታዪ አትለፊ። የእንግሊዙ ሶቨሪን 7.98 ግራም ይመዝናል፣ 7.32 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለው፤ ለአንድ አራተኛ አውንስ የቀረበ ነው። የፈረንሳይና የስዊዘርላንድ ባለ 20 ፍራንክ ሳንቲሞች ደግሞ 6.45 ግራም ናቸው፤ ንጹሕ ወርቃቸው 5.81 ግራም ነው። እነዚህ በብዛት ተመርተው ለመገበያያ ያገለገሉ ስለሆኑ ሻጮች ብዙ ጊዜ ከአዳዲሶቹ ትናንሽ ሳንቲሞች ባነሰ ጭማሪ ይሸጧቸዋል። ፊታቸው ትንሽ ያለቀ መሆኑ አያስጨንቅሽ፤ ሚዛናቸው ከሞላ ወርቃቸው ሙሉ ነው።

ባለሚዛኑ

ወደ ማረጋገጡ ልምጣ። ወርቅ እጅግ ከባድ ብረት ነው፤ እፍግታው (የአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ክብደቱ) 19.3 ግራም ነው፤ ናስን ከሁለት እጥፍ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ አስመሳዩ በቀላል ብረት ከሠራት፣ ክብደቷን ሲያስተካክል መጠኗ ይተልቃል፤ መጠኗን ሲያስተካክል ክብደቷ ይጎድላል። እስከ 0.01 ግራም የሚለካ ሚዛንና ካሊፐር (ስፋትና ውፍረት በትክክል የሚለካ መሣሪያ) ካለሽ አብዛኛውን ሐሰተኛ ትይዢዋለሽ። የሶቨሪን ስፋት 22.05 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.52 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ አንድ አሥረኛ አውንስ ኢግል 3.39 ግራም ይመዝናል፣ ስፋቱ 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ክብደት ብቻውን አይበቃም፤ ሦስቱም ልኮች አንድ ላይ መግጠም አለባቸው።

የውኃው ፍተሻም ጥሩ ነው። ብርጭቆ ውኃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠሽ ወደ ዜሮ መልሺው። ሳንቲሟን በቀጭን ክር አስረሽ የብርጭቆውን ወለልና ግድግዳ ሳትነካ ውኃው ውስጥ አንጠልጥያት። ሚዛኑ የሚያሳየውን ቁጥር ያዢና የሳንቲሟን ክብደት ለእሱ አካፍዪ። 24 ካራት ከሆነች ወደ 19.3፣ 22 ካራት ከሆነች ወደ 17.5 ይመጣልሻል። ይህ ለአንድ አራተኛ አውንስና ከዚያ በላይ ይሠራል። 24 ካራት በሆነች ባለ አንድ አሥረኛ ላይ ሚዛኑ የሚያሳየው 0.16 ብቻ ስለሆነ፣ የ0.01 ስሕተት ውጤቱን ከ19.4 ወደ 18.3 ያወርደዋል። ለትንሿ በካሊፐሩ መተማመን ይሻላል።

ማግኔት በእሱ የሚሳብ ብረት ያለበትን ሐሰተኛ ያጋልጣል እንጂ ሌላውን አያሳይም። ቱንግስተን የተባለው ብረት እፍግታው 19.25 ስለሆነ የ24 ካራቱን የውኃ ፍተሻም ያልፋል። ነገር ግን ጠንካራና ተሰባሪ በመሆኑ ጥርት ያለ ምስል ያለው ትንሽ ሳንቲም አድርጎ ማተም አስቸጋሪ ነው፤ አጭበርባሪዎች የሚመርጡት በትልልቅ ጥፍጥፍ ወርቅ ውስጥ መደበቅን ነው። በታሸገ ፕላስቲክ ውስጥ ስላለች ብቻ እውነተኛ ናት ብለሽ እንዳታምኚ፤ እሽጉም ይመሳሰላል።

ታጋሽ

ከሌሎቹ ትንሽ እለያለሁ። ባለ አንድ አሥረኛዋን ጭራሽ አትግዢ ባይ ነኝ። ገንዘቡን ባንክ እያጠራቀምሽ ለሶቨሪን ወይም ለአንድ አራተኛ ሲደርስ ግዢ። ስትጠብቂ ዋጋው ሊወጣ ይችላል፤ ሊወርድም ይችላል፤ የትንሿ ሳንቲም ጭማሪ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተቆረጠ ኪሣራ ነው።

ሌላው፣ «ለረጅም ዓመታት» ስትዪ ምን ያህል ማለትሽ እንደሆነ አስቢበት። በጥር 1980 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወርቅ በአውንስ 850 ዶላር ደርሶ ነበር። በ1999 ወደ 250 ዶላር ወረደ፤ ያንን 850 ዳግም የተሻገረው በ2008 ነው። በ2011 ወደ 1,900 ዶላር ተጠግቶ ነበር፤ በ2015 መጨረሻ 1,050 አካባቢ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ እጅግ ከፍ ብሏል። ወርቅ ወለድም የትርፍ ድርሻም አይከፍልም። ለችግር ጊዜ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ሳይኖርሽ ወርቅ ከገዛሽ፣ ዋጋው በወረደበት ቀን ለመሸጥ ትገደጃለሽ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ነው።

ባለሒሳቡ

ታጋሽ ባለው በአብዛኛው እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ። ትንንሽ ሳንቲም መያዝ ሲሸጥ ይጠቅማል፤ ጥቂት ገንዘብ ሲያስፈልግ አንዷን ብቻ ሸጦ ሌላውን ማቆየት ይቻላል። ለዚያ ግን ሶቨሪን በቂ ትንሽ ነው።

ጀማሪዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ሒሳቡን ስሠራው የምገዛው ተለወጠ፤ ለሶቨሪን አጠራቅማለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንድ ሻጭ በሚያምር ሳጥን ያለ፣ ምስክር ወረቀት ያለው፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ሳንቲም አቅርቦልኛል፤ ዋጋው ከተራው በጣም ይበልጣል። ይጠቅመኛል? ሳንቲሞቹንስ እንዴት ላስቀምጥ?

አንጥረኛው

እሱ ለሰብሳቢዎች ተብሎ በልዩ ጥራት የሚታተም ነው። ስትሸጪው ብዙው ገዢ የሚከፍልሽ የወርቁን ዋጋ ነው፤ ሳጥኑንና ወረቀቱን የሚያከብር ሰብሳቢ ማግኘት አለብሽ። ለጥሪት ተራውን ግዢ።

ለማስቀመጥ እያንዳንዷን በልኳ በተሠራ ጠንካራ የፕላስቲክ ክብ ሣጥን ውስጥ አድርጊ። ለስላሳውን ፒቪሲ ፕላስቲክ ተዪው፤ ከጊዜ ብዛት ፊቷ ላይ የሚጣበቅ ነገር ይተዋል። ስትይዣት ጠርዟን ብቻ ያዢ፤ በሳሙናም በጨርቅም አትወልውያት። የጸዳ ሳንቲም በልምድ ዓይን ወዲያው ይታወቃል፤ አሮጌ ሶቨሪን ላይ ደግሞ ዋጋ ያስቀንሳል።

ታጋሽ

የግዢ ደረሰኞቹን በሙሉ ከሳንቲሞቹ በተለየ ቦታ አኑሪ፤ ቀኑን፣ ክብደቱንና የከፈልሽውን ጻፊበት። ግብሩ ከአገር አገር ስለሚለያይ ከመግዛትሽ በፊት በምትኖሪበት አገር ለወርቅ ሳንቲም መግዣና መሸጫ የሚጠየቀውን አጣሪ። ቤት ውስጥ ወርቅ መኖሩን ለብዙ ሰው አትንገሪ፤ የምታምኚው አንድ የቤተሰብ ሰው ግን የት እንዳለና ስንት እንደሆነ ይወቅ። ቤት ማስቀመጥ ካስጨነቀሽ የባንክ ሣጥን መከራየት ትችያለሽ፤ ኪራዩን ከሳንቲሞቹ ዋጋ ጋር አስተያዪው፤ ጥቂት ሳንቲም ብቻ ላለው ሰው ይከብዳል። የቤት ኢንሹራንስ ካለሽም ውሉን አንብቢ፤ ብዙዎቹ ለወርቅ የሚከፍሉትን በዝቅተኛ ጣሪያ ይወስኑታል።